የተቆለፈው የፈረስ ጉልበት

የኤሌክትሪክ መኪና ጉልበት ሦስት ጌቶች አሉት፦ ሞተሩ፣ ባትሪውና በሁለቱ መካከል ተቀምጦ «ይህን ያህል ይለፍ» የሚለው መቆጣጠሪያ። ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ባትሪው ከሚሰጠው በላይ አይወስድም። ባትሪውም ጢም ብሎ ቢሞላ መቆጣጠሪያው ካልፈቀደ አይለቅም። ይህ ሦስተኛው ጌታ የሚሠራው በሶፍትዌር ነው። ከሩቅ በኢንተርኔት ይታዘዛል፣ መኪናው በቆመበት ሌሊት ይለወጣል፣ የሚለቀውን ጉልበት ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባለቤቶች የሚያሰሙት ቅሬታ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቹ በማስታወቂያ የተነገራቸውን ጉልበት መንገድ ላይ አላገኙትም። ሌሎቹ ደግሞ ጉልበቱ በገዙት መኪና ውስጥ እንዳለ እያወቁ፣ ለመጠቀም እንደገና ክፈሉ ተብለዋል።

ጉልበት የሚለካው በኪሎዋት ነው፤ 1 ኪሎዋት 1.34 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የባትሪው ቮልቴጅ በሚለቀው አምፔር ይባዛል። 350 ቮልት ያለው ባትሪ 400 አምፔር ቢለቅ 140 ኪሎዋት ይሰጣል። ቻርጁ ሲቀንስ ቮልቴጁም ይወርዳል፤ 320 ቮልት ላይ ያው 400 አምፔር 128 ኪሎዋት ብቻ ነው። ባትሪው ሲቀዘቅዝ፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ወይም ሲያረጅ ደግሞ መቆጣጠሪያው አምፔሩን ራሱን ይቀንሳል። ስለዚህ በብሮሹር ላይ የሚታተመው ቁጥር ብዙውን ጊዜ አዲስና የሞላ ባትሪ፣ ሙቀቱ ልከኛ ሲሆን፣ ለጥቂት ሴኮንዶች የሚሰጠው ከፍተኛ ጉልበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 85 የኤሌክትሪክ ሞተርን በሁለት መንገድ ያስለካል። አንዱ ከፍተኛው ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ሞተሩ ለ30 ደቂቃ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ ወይም ከዚያም በታች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሻጭ የሚያስነብበው የመጀመሪያውን ነው፤ ረጅም ዳገት የሚጠይቀው ግን ሁለተኛውን።

በዚህ ልዩነት የተነሳው ትልቁ ክርክር የኖርዌይ ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው ሞዴል ኤስ ፒ85ዲ ሁለት ሞተሮች ነበሩት፤ የፊቱ 221፣ የኋላው 470 የፈረስ ጉልበት ይችላሉ ተባለ። ኩባንያው ሁለቱን ደምሮ 691 ብሎ አስተዋወቀ። ኖርዌይ ውስጥ ቁጥሩ 700 ተብሎ ቀረበ። ገዢዎቹ ሲመረምሩ ግን ባትሪው ሁለቱንም ሞተሮች በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መመገብ አይችልም ነበር፤ ከመኪናው የሚገኘው ጉልበት ወደ 469 ግድም ሆነ። ኩባንያው በ2015 መስከረም በዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊው በጄ. ቢ. ስትራውበል በኩል የሰጠው ማብራሪያ፣ ቁጥሩ እያንዳንዱ ሞተር ለየብቻው የሚችለውን የሚያሳይ እንጂ ባትሪው የሚያቀርበውን የሚያሳይ አይደለም የሚል ነበር። በምሕንድስና ቋንቋ ይህ ሐሰት አይደለም። ይሁንና መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሮችን ለየብቻ አይገዛም፤ የሚነዳው አንድ መኪና ነው፤ የሚጠብቀውም ከዚያ መኪና የሚወጣውን ጉልበት ነው። የኖርዌይ የሸማቾች አለመግባባት ኮሚሽን በ2016 ለባለቤቶቹ ፈረደ፤ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ክሮነር እንዲከፈል ወሰነ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ካመራ በኋላም ከመቶ ከሚበልጡ ባለቤቶች ጋር በዚያው ዓመት መጨረሻ በስምምነት ተዘጋ።

ቅሬታውን ያባባሰው ሌላ ነገር ነበር። ክርክሩ ሳይቋጭ፣ በ2015 ሐምሌ፣ ያው ኩባንያ ለነባር ፒ85ዲ ባለቤቶች በ5,000 ዶላር ማሻሻያ አቀረበ። አዲስ ፊውዝና ከፍተኛ ሙቀት የሚችል መገናኛ ይገጠማል፤ ባትሪው ሊለቅ የሚችለው ከ1,300 ወደ 1,500 አምፔር ያድጋል። እዚህ ላይ ቢያንስ የሚቀየር ዕቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች አብዛኞቹ አንድም ብሎን የማይነካባቸው ናቸው።

የተቆለፈ አቅም ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ የታየው በ2017 መስከረም ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ ነው። ቴስላ ከዚያ በፊት 75 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የተገጠመላቸውን አንዳንድ መኪኖች በሶፍትዌር 60 ላይ አስሮ በቅናሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ ቀሪውን ለማስከፈት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅ ነበር። ሕዝቡ ከማዕበሉ ሲሸሽ ኩባንያው በአካባቢው ያሉትን መኪኖች ከሩቅ ሆኖ ለጊዜው ከፈተላቸው። ብዙዎች አመሰገኑ። የዚያኑ ያህል ሰዎች ደግሞ ያ ሁሉ ባትሪ ከመቀመጫቸው ሥር ተሸክመውት ሲዞሩ መክረማቸውን ያን ቀን ተረዱ። ክብደቱን ሲጎትቱ ኖረዋል፤ ጥቅሙ ግን የእነሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ሰፋ። ቴስላ በ2019 መጨረሻ በ2,000 ዶላር የሞዴል 3ን ፍጥነት የሚጨምር ሶፍትዌር መሸጥ ጀመረ። ፖልስታር በ1,000 ዩሮ የፖልስታር 2ን ጉልበት በ50 ኪሎዋት አሳድጎ ወደ 350 አደረሰው። መርሴዲስ በ2022 ኅዳር አሜሪካ ውስጥ በዓመት 1,200 ዶላር የሚከፈልበት የፍጥነት ማሻሻያ አስታወቀ፤ ከፍተኛ ቁጣ የተነሳበት ገንዘቡ በየዓመቱ የሚከፈል በመሆኑ ነበር። በ2025 ነሐሴ ደግሞ ቮልስዋገን በብሪታንያ አይዲ 3 የተባለችውን መኪናውን 150 ኪሎዋት ላይ ገድቦ፣ ወደ 170 ከፍ ለማድረግ በወር 16.50 ፓውንድ፣ በዓመት 165፣ ወይም አንዴ ለዘለቄታው 649 ፓውንድ ጠየቀ። ቶርክ የሚባለው ጎማ የማዞር ኃይልም ከ265 ወደ 310 ኒውተን ሜትር ያድጋል። የሚገርመው መኪናዋ ከመጀመሪያው የምትመዘገበው በከፍተኛው ጉልበቷ መሆኑ ነው፤ የ150ውን ብቻ የሚጠቀም ሰው ኢንሹራንሱ የሚሰላለት እንደ 170 ነው።

አምራቾቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። የቤንዚን መኪኖችም አንድ ዓይነት ሞተር በተለያየ ጉልበት ተስተካክሎ በተለያየ ዋጋ ሲሸጥ ኖሯል። ከፍተኛ ጉልበት ባትሪን፣ ጎማንና ማርሽን በቶሎ ያደክማል፤ ለዋስትና የሚያዘው ወጪም ይጨምራል። ዝቅተኛው ዋጋ በእርግጥ ዝቅ ያለ ከሆነና ገዢው የተቆለፈ ነገር እንዳለ አስቀድሞ ከተነገረው፣ አንዴ የሚከፈል ማሻሻያ በደል አይሆንም። ሚዛኑ የሚዛባው ሁለት ነገሮች ሲመጡ ነው። አንዱ ዕቃውን ከሸጡ በኋላ ኪራይ መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ የተሸጠን ጉልበት መልሶ መውሰድ ነው።

የዚህ ሁለተኛው ምሳሌዎች ጥቂት አይደሉም። ቴስላ በ2019 በላከው ሶፍትዌር የአንዳንድ ሞዴል ኤስ መኪኖች ከፍተኛ የባትሪ ቮልቴጅ ተቀንሶ፣ ባለቤቶቹ የሚጓዙት ርቀት አጠረባቸው፤ በ2021 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ለ1,743 መኪኖች ባለቤቶች ለእያንዳንዳቸው 625 ዶላር ተከፈለ። በ2025 ግንቦት ደግሞ የቻይናው ሻዮሚ 1,548 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ የሸጠውን ኤስዩ7 አልትራ በሶፍትዌር ወደ 900 ገደማ አወረደው። ሙሉውን የሚያገኘው በተፈቀደ የውድድር ሜዳ የተወሰነ ሰዓት ያስመዘገበ አሽከርካሪ ብቻ ነው ተባለ። ዓላማው የሕዝብ መንገድ ላይ የሚደርስን አደጋ መቀነስ ነበር፤ ዓላማው መልካም ቢሆንም ውሳኔው ከሽያጩ በፊት መነገር የነበረበት ነው። ባለቤቶቹ አጥብቀው ስለተቃወሙ ኩባንያው ማሻሻያውን አቆመ።

ይህ ሁሉ የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ላይ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል። በዚህች ከተማ የኤሌክትሪክ ጉልበት በብዛት የሚሸጠው በመኪና ሳይሆን ቦዳ ቦዳ በሚባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ ነው። ኡጋንዳ የራሷ የኤሌክትሪክ መኪና ታሪክ አላት፤ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተሠራችው ባለሁለት መቀመጫዋ ኪራ ኢቪ በ2011 ተነድታለች፣ ከዚያ የበቀለው ኪራ ሞተርስም ካዮላ የተባሉትን የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ሠርቷል። የኤሌክትሪክ ኃይሉም አለ፤ 600 ሜጋዋት የሚያመነጨው የካሩማ ግድብ በ2024 ከተመረቀ በኋላ የአገሪቱ የማመንጨት አቅም ከ2,000 ሜጋዋት አልፏል። የዕለት እንጀራውን በኤሌክትሪክ የሚያገኘው ግን እንደ ዜምቦ፣ ጎጎና ስፒሮ ካሉ ድርጅቶች ሞተር ሳይክል ወስዶ ባትሪ እየቀያየረ የሚሠራው የቦዳ ቦዳ አሽከርካሪ ነው።

ካምፓላ ደግሞ የኮረብታ ከተማ ናት። ከናካሴሮ ወደ ኮሎሎ፣ ከሩባጋ ወደ ናሚሬምቤ የሚሄድ ሰው ወርዶ መውጣቱ አይቀርለትም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሞሉባት ካባላጋላ ተነስቶ ታንክ ሂል እየተባለ በሚጠራው መንገድ ወደ ሙዬንጋ መውጣት ለማንኛውም ባለሁለት ጎማ ፈተና ነው። ጉልበቱን ማስላት ይቻላል። ሞተር ሳይክሉ፣ አሽከርካሪውና ተሳፋሪው አንድ ላይ 280 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። በ100 ሜትር 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት፣ በሰዓት 30 ኪሎሜትር ለመሄድ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 1.8 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ የጎማና የነፋስ ተቃውሞ ሲታከልበት 2.4 ይደርሳል። ከኋላ 100 ኪሎ ማቶኬ (የሚቀቀል ሙዝ) ቢጫን ፍላጎቱ ከ3 ኪሎዋት ያልፋል። መቆጣጠሪያው 2.5 ላይ ካሰረው ሞተር ሳይክሉ ወደ 24 ኪሎሜትር ይወርዳል። ሞቆ ወደ 2 ቢቀንሰው 20 ላይ እያዘገመ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋበታል። ብዙ የቦዳ ቦዳ አሽከርካሪዎች የሚነዱት ባጃጅ ቦክሰር የተባለው ሞተር ሳይክል ወደ 6 ኪሎዋት የሚሰጥ የቤንዚን ሞተር ስላለው፣ አሽከርካሪው የሚያወዳድረው ከዚያ ጋር ነው። በእርግጥ ካምፓላ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል በአየሩ መሳሳት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ የሚያጣው ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በከፍታ አይደክምም፤ ከመነሻው ላይም ሙሉ ቶርኩን ይሰጣል። ይህ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ተገቢው ቁጥር ከተነገረ ለማስታወቂያም ከበቂ በላይ ነው።

የባትሪ ቅያሬው አሠራር ሌላ ጉዳይ ያመጣል። አሽከርካሪው ሞተር ሳይክሉን ቢገዛም ባትሪው የእሱ አይደለም። ጣቢያ ገብቶ የተሟጠጠውን ያስረክባል፣ የተሞላውን ይወስዳል፤ ጠዋት የያዘው ባትሪ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ጋ ነው። ባትሪዎቹ ደግሞ እኩል ዕድሜ የላቸውም። ለስሌት ያህል፣ 2 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ አዲስ ባትሪ በኪሎሜትር 35 ዋት ሰዓት ቢበላ 57 ኪሎሜትር ያስኬዳል። አቅሙ ወደ 80 ከመቶ የወረደ ባትሪ ግን 46 ላይ ያልቃል። ሁለቱም መስኮታቸው ላይ «100» ብለው ይነሳሉ፤ የአሽከርካሪው ገቢ ግን በዚያ ቀን የደረሰው ባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያረጀ ባትሪ ዳገት ላይ ቮልቴጁ ፈጥኖ ስለሚወርድ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። መቆጣጠሪያውን ማየት የሚችለው ድርጅቱ ብቻ በመሆኑ፣ ሞተር ሳይክሉ የደከመው ባትሪው ስላረጀ ይሁን፣ ሞተሩ ስለሞቀ ይሁን፣ ወይም ገደቡ ስለተቀነሰ ይሁን አሽከርካሪው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። የዓመታት ብድር ተሸክሞ ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። በውሉ ላይ የባትሪው ዝቅተኛ የጤና መጠንና የሞተሩ ቀጣይ ጉልበት በቁጥር ሊጻፍለት ይገባል።

በአራት ጎማው ገበያ የካምፓላ ገዢ በብዛት የሚገዛው ያገለገለ መኪና ነው፤ አብዛኛው ከጃፓን ተጭኖ በሞምባሳ ወደብ በኩል የሚገባ። ከኤሌክትሪኮቹ መካከል በዋጋ የሚቀርበው ኒሳን ሊፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሊፎች 24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪና 80 ኪሎዋት ሞተር ነበራቸው። በጃፓን መለኪያ 200 ኪሎሜትር ይሄዳሉ ተባለ፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ያንኑ መኪና ሲለካው 117 ኪሎሜትር ሰጠው። መኪናው አንድ ነው፣ ባትሪው አንድ ነው፤ የተለያየው የፈተናው መንገድ ነው። በሊፍ ዳሽቦርድ በስተቀኝ 12 ትናንሽ ሰረዞች አሉ፤ የባትሪውን ጤና የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሰረዝ የሚጠፋው ባትሪው ወደ 15 ከመቶ ያህል ካጣ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ በማስጀመር ሰረዞቹን ለጊዜው መመለስ ስለሚቻል ቆጥሮ ማመን አይበቃም፤ የባትሪውን ትክክለኛ አቅም ኦቢዲ በሚባለው ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር በሚገናኝ መሣሪያና በስልክ አፕ ማስነበብ ያስፈልጋል። ባትሪው በጣም ሲጎድል ወይም ሲሞቅ ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት ይበራል፤ መቆጣጠሪያው ጉልበቱን ቆርጦታል ማለት ነው። አከፋፋይ ግቢ ውስጥ ዞሮ የሚመለስ ሙከራ ይህን አያሳይም። ግማሽ ቻርጅ ይዞ፣ አራት ሰው ጭኖ፣ አንድ ረጅም ዳገት መውጣት ያሳያል። ኡጋንዳ ከ2018 ጀምሮ ከተሠሩ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ የመጀመሪያዎቹ ሊፎች ገደቡ ላይ እየደረሱ ነው።

የርቀት ማስታወቂያ ጉዳይ ኢትዮጵያ ውስጥ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና ማስገባት መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የአዲስ አበባ ገዢ ምርጫው በአብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሆኗል። እነዚህ መኪኖች የሚጓዙት ርቀት የሚነገረው ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። ቢዋይዲ ሲገል በ30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 305 ኪሎሜትር ይሄዳል የሚባለው በዚህ ነው። ከሲገል የወጣችው ዶልፊን ሰርፍ አውሮፓ ውስጥ በተመሳሳይ መጠን ባትሪ የምትሸጠው 220 ኪሎሜትር ተብላ ነው። አስመጪው 305 ሲል አይዋሽም፤ ግን ያ ቁጥር ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሊተማመንበት የሚገባ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ይህን ዓይነቱን ነገር በዝምታ አላለፈችውም፤ የንግድ ውድድር ኮሚሽኗ በ2023 ጥር ቴስላ መኪናው በብርድ የሚጓዘው ርቀት ምን ያህል እንደሚያጥር ሳይናገር አስተዋውቋል ብሎ 2.85 ቢሊዮን ዎን ቀጥቶታል።

የሕግ መሠረት በሁለቱም አገሮች አለ። የኡጋንዳው የ2017 የዕቃ ሽያጭና የአገልግሎት አቅርቦት ሕግ በመግለጫ የተሸጠ ዕቃ ከመግለጫው ጋር መስማማት አለበት ይላል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እና የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ችግሩ «መግለጫው» የትኛው ነው የሚለው ነው። ገዢው በአፍ የሰማው፣ በቻይንኛ የታተመው ብሮሹር ወይስ በሽያጭ ውሉ ላይ ያለው? ውሉ የቻሲ ቁጥርና ዋጋ ብቻ ከያዘ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። የሞተሩ ከፍተኛና የ30 ደቂቃ ጉልበት፣ የባትሪው አቅም በኪሎዋት ሰዓት፣ ርቀቱ በየትኛው መለኪያ እንደተገኘ፣ እንዲሁም በክፍያ የሚከፈት ነገር ካለ መከፈቱና አለመከፈቱ፤ እነዚህ በአንድ ገጽ ተጽፈው ከተፈረመባቸው ግን ክርክሩ መያዣ ያገኛል።

የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ያገለገለ መኪና የሚገዛን ሰው ይመለከታል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ይፋ በወጣ ጉዳይ፣ አንድ ሰው ከአከፋፋይ ከገዛው ያገለገለ የቴስላ ሞዴል ኤስ ላይ፣ መኪናው ለአከፋፋዩ ሲሸጥ የነበሩት በክፍያ የሚገኙ ተግባራት ከሩቅ ጠፍተውበታል፤ የተመለሱለት ጉዳዩ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ኡጋንዳ እንደ ብሪታንያ በግራ የምትነዳ አገር በመሆኗ ከዚያ የሚወጡ ያገለገሉ መኪኖችም ይገቡባታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእነዚያ አይዲ 3 መኪኖች አንዷ ካምፓላ መድረሷ አይቀርም። የቀድሞው ባለቤት በወር ሲከፍል ከቆየና ካቆመ መኪናዋ ወደ 150 ኪሎዋት ትመለሳለች፤ ካምፓላ ያለው ገዢም በብሪታንያ አካውንት የሚከፈልን ኪራይ ለመቀጠል መንገዱ ይጠብበታል። 649 ፓውንዱ አንዴ የተከፈለላት መኪና ግን 170ውን ይዛ ትሸጋገራለች፤ ቮልስዋገን ክፍያው የሚጸናው ለሰውየው ሳይሆን ለመኪናዋ ነው ብሏል። ሁለቱ መኪኖች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ የቻሲ ሰሌዳቸውም ልዩነቱን አይናገርም። ለአስመጪው የሚቀርበው ጥያቄ የክፍያው ደረሰኝ የት አለ የሚል መሆን አለበት፤ ደረሰኙ ከሌለ ዋጋው መሰላት ያለበት በ150 ኪሎዋት ነው።